ጭድ ቤት የተቀበረው ኮምፒውተርህ

ኅዳር ጽዮን በዋለ ማግስት፣ መሐል ሜዳ። ሌሊቱን ውርጭ ጥሎ ጠዋት ሣሩ ሁሉ ነጭ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ብትወጣም ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ቤት ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ለበዓሉ መጥተው እኔ ዘንድ የሰነበቱት እናትህ እማሆይ እና ከአዲስ አበባ የመጣው ወንድምህ ጌታቸው ነን።

ደጄ፣ የኔ ግትር፣

መጋቢት ላይ ተለየኸኝ፤ አሁን ኅዳር ነው። ያኔ ያልተዘራው ገብስ ዛሬ አውድማ ላይ ወጥቷል። ይህን የምጽፍልህ ጌታቸው ወጥቶ ወደ ማደሪያው ከሄደ በኋላ፣ ገና ሳይመሽ ነው። የሚያድረው ሆቴል ነው። የተወለደበት ቤት ቁንጫ አለው አለ። ነገ ጠዋት ወደ ደብረ ብርሃን ሲወርድ የአንተን ኮምፒውተር ይዞ ሊወርድ ነው። በምትኩ ሌላ አምጥቶልኛል። እዚህ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ቀለም እየቀያየረ ያበራል። አረንጓዴ ይሆናል፣ ሐምራዊ ይሆናል፣ ደግሞ ይቀላል። የመጠጥ ቤት በር ይመስላል። በሐዘን ቤት ውስጥ!

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፤ አንተ በሌለህበት ብዙ ነገር ሆኗል።

ዘፈንህን ስንቀዳ ድምፅ እንዳያስተጋባ ብለን ግድግዳው ላይ የሰቀልናቸው የበግ ጠጉር ባናዎች ወርደዋል። ለቅሶ ደራሹን ብርድ መታው ተብሎ እየተነቀሉ ለእንግዳ ተሰጡ። የቀሩት ምስማሮቹ ብቻ ናቸው። ጎረቤታችን ወይዘሮ ብርቄ ከሁሉም ወፍራሙን ደርባ ተቀመጠች፤ እንደደረበችው ቤቷ ገባች። ባናውን አልመለሰችም፤ እሷ ግን በየሳምንቱ ትመለሳለች፣ ሐዘኔን ልትለካ። ጥቁሬን ታያለች፣ ፀጉሬን ታያለች፣ ከዚያ ዓይኗ ወደ ጠረጴዛው ይሄዳል። «አስካለ፣ ይሄ ነገር ይዘፍናል እንዴ?» ትለኛለች። አይዘፍንም እላታለሁ። እውነቴን ነው፤ እሱ ዘፍኖ አያውቅም፣ የዘፈንከው አንተ ነህ።

አስከሬንህ ገና ከቤት ሳይወጣ ነበር ጌታቸው «የዘፈን ዕቃ በሐዘን ቤት አይቀመጥም» ብሎ የተነሣው። ወግ ነው፣ ወጉን አልነቅፍም። ዓመት እስኪሞላ ሬዲዮ እንኳ እንደማይከፈት አውቃለሁ። ወግ የሚያውቅ ሰው ግን ጨርቅ ይጥልበታል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረዋል፣ ይበቃል። ወንድምህ ኮምፒውተሩን ሳያጠፋው ከነነፍሱ ገመዱን ነቀለ። ከዚያ በአህያ አስጭኖ እናትህ ግቢ ጭድ ቤት ውስጥ ከተተው። አቧራ እንዳይነካው ብሎ ደግሞ ገለባ አለበሰው። ከአቧራ ሊያድነው ገለባ ውስጥ የቀበረ ሰው ነው ዛሬ ስለ ኮምፒውተር የሚያስተምረኝ።

እኔ ያን ቀን የማለቅስ ሴት ነበርኩ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም።

አርባህ ሲወጣ ሄጄ አመጣሁት። የጎኑን ክዳን ስፈታው አይጥ ጎጆዋን ሠርታበታለች፤ ማቀዝቀዣ ፋኑ በገለባ ታንቋል፤ አንዱን ገመድ ግማሽ ድረስ በልታዋለች። ገለባውን በጥርስ ብሩሽ ጠርጌ፣ የቀረውን በወናፍ ነፍቼ አወጣሁ። አንጥረኛው ጎረቤት ወናፉን ሲያውሰኝ «ምን ልታቀልጪ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ስሰካው ተነሣ። ግን አንድ ዘፈን እስኪከፍት ገንፎ ተሠርቶ ይበላል። ዲስኩም ቀጭ ቀጭ ይላል፤ እንደ አሮጊት ጉልበት።

አሁን ልክህን ልንገርህ፤ ሞተሃል ብዬ አላቆላምጥህም። ይህ ኮምፒውተር ከመጀመሪያውም የተንፏቀቀው በአይጥ አይደለም፣ በአንተ ነው። ራም ጨምርለት ስልህ የቁም ሣጥን የሚያህል ድምፅ ማጉያ አስጭነህ መጣህ። ሁለት ሰው ተደጋግፎ በሚቆምባት ክፍል! ስትከፍተው የጎረቤት ዶሮ ከቆጥ ወደቀች፤ አንተ ደስ አለህ። ዲስኩን ቀይረው ስልህ «ይሄ የሴት ጭንቀት ነው» አልከኝ። ዘፈን መሃል ቀጥ ሲልብህ እንደ ሰነፍ በሬ ጎኑን ትመታዋለህ። የራስህ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫው ዘግይቶ ሲመጣብህ መብራት ኃይልን ትሰድባለህ። መብራት ኃይል ብዙ ኃጢአት አለበት፤ ያቺ ግን የእሱ አልነበረችም። ማሽኑ ስለተጨናነቀ ነው ብዬ ነግሬህ ነበር። አልሰማኸኝም።

እንዲህም ሆኖ ያ ጊዜ ይናፍቀኛል። ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሥራ እንፈታለን። በጋ ደግሞ ፀሐይ ጣሪያውን አሙቃ ማንቋቋት ሳትጀምር፣ አህዮች ለገበያ ሳይወጡ፣ ያቺን አንዲት ጸጥ ያለች የጠዋት ሰዓት እንሻማለን። አንተ ባናው መሃል ቆመህ በጋቢህ ተጠቅልለህ ትዘፍናለህ፤ ትንፋሽህ በብርዱ ሲጨስ አያለሁ። እኔ ቁልፉን እጫናለሁ። ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረች ሴት ነኝ። የማውቀውን ያወቅሁት ከትከሻህ ኋላ ቆሜ፣ ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ እየቆጠርኩ፣ ስልክ ላይ ሰው ሲያወራ እየሰማሁ ነው። የገባኝ አለ፣ ያልገባኝም አለ።

የገባኝን ይዤ ሐምሌ ላይ ደብረ ብርሃን ወረድኩ። አዲስ ልግዛ ወይስ ይህንኑ ላድስ ብዬ መንገዱን ሁሉ ሳስብ ነበር። ባለሱቁ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ «እናቴ፣ ለልጅዎ ጌም ነው?» አለኝ። ለሙዚቃ ነው ስለው ጥቁር ልብሴን ከላይ እስከ ታች አየው። ዝም ብሎ አንድ መስታወት የለበሰ ነገር ሰካ። ፋኑ ሲነሣ ወፍጮ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ይሄ ጩኸት እኮ ማይክ ውስጥ ይገባል ስለው «ሙዚቃው ይሸፍነዋል» አለኝ። ይሸፍነዋል! ጌም ለሚጫወት ሰው የሚሆን፣ ግራፊክስ የሚሉት የሥዕል ካርድ ነው የሚሸጥልኝ። ለእኛ ሥራ የሚያስፈልገው ፈጠን ያለ ዲስክ፣ ሰፋ ያለ ራም፣ አፉን የሚዘጋ ፋን ነው። ሦስቱንም ከነገርኩት በኋላ እንኳ «ይሄኛው ግን ያበራል» ይለኛል። ለአገሩ ኮምፒውተር የሚመርጥለት እንግዲህ ይህ ነው።

አዲሱን ትቼ ለአሮጌው ኤስኤስዲ የሚባለውን የማይሽከረከር ዲስክና ራም ገዝቼ ተመለስኩ። ዲስኩ ልክ ሆነ፤ ዘፈኖችህን ሁሉ ወደ እሱ ገለበጥኩ። ራሙ ግን አጭር ነው፣ የላፕቶፕ ነው። ባለሱቁ ሰጠኝ፣ እኔም ጅሏ ተቀበልኩት። ሚኒባስ ውስጥ ካርቶኑን ታቅፌ፣ ሞላሌን አልፌ፣ ቤት ገብቼ ስሰካው አልገባ እስኪለኝ ድረስ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ ስወርድ የአሮጌውን ራም ነቅዬ በመሐረብ ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩና እንደ ልብስ ቁልፍ አስተያይቼ ገዛሁ።

አሁን ማሽንህ አምሮበታል። ዘፈን ስትከፍትበት ወዲያው ይከፍታል። ፋኑ መኖሩ አይሰማም። ወይዘሮ ብርቄ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስለ ሰው ትዳር ስታወራ፣ እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ከነጠላው ሥር ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ አንተን እሰማለሁ። ሐዘን ላይ ነች ትላለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች። ቤቱ ጸጥ ያለ ነው፤ ወጉም አልፈረሰም።

እንዲህ ባለንበት ነው ወንድምህ የደረሰው።

ይህን የሚያበራ ጉድ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «እትዬ አስካለ፣ ከአሮጌ ነገር ተላቀቂ፤ ዘመኑ እኮ ሄዷል» አለኝ። ከደብረ ብርሃኑ ሱቅ ጋር ተነጋግሮ መጥቷል፤ አሮጌውን ሰጥቶ አዲሱን ሊያስቀር። «ቀፎው ለሱቁ፣ ውስጡ ያለው ዘፈን ለእኔ» አለ። ለካ ልቡ ያለው እዚያ ነው። ስልኩ ላይ ቻናል ከፍቷል፤ ዘፈኖችህን እያስተካከለ ሊለቅ ነው። ዓመትህ እንኳ ሳይሞላ። ያቺ የወይዘሮ ብርቄ ወግ ለእኔ እንጂ ለእሱ አትሠራም።

እንዴት እንደሚያስተካክል ልንገርህ። በፊት በስልክ ልከህለት የነበረችውን የሠርግ ዘፈን ከፈተልን። ከሥሯ ቆርቆሮ የሚደበድብ ነገር ጨምሮባታል። ድምፅህን በሶፍትዌር አቃንቶት ጠርሙስ ውስጥ ያለ ንብ አስመስሎታል። እማሆይ መቁጠሪያቸውን አቁመው ሰሙ።

«ማነው ይሄ ጉንፋን የያዘው?» አሉ።

«ደጀኔ ነው እኮ እማዬ፤ አስተካክዬው ነው።»

«ደጀኔን? ምን ጎድሎበት?»

«አይ፣ ሕዝቡ የሚፈልገው እንዲህ ነው።»

«ሕዝቡ አልወለደውም» አሉና መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ።

እኔ ሳቄን በነጠላዬ ጫፍ አፈንኩት። እሱ ግን የሚያፍር ፊት አልተሠራለትም። «የወንድሜ ድምፅ የቤተሰብ ነው፤ አንቺ ብቻሽን አታፍኚውም» አለኝ፤ ቀጥሎ ወደ እናቱ ዞሮ «አይደለም እንዴ እማዬ?» አላቸው። እሳቸውም «ወንድሙ ነው፤ ይውሰድ» አሉ። እሳቸው ካሉ እኔ ምን እላለሁ? የቤቱ ታላቅ ናቸው። ቃላቸውን የማጥፍ ሴት እንዳልሆንኩ ታውቃለህ።

ደጄ፣ የሚያንገበግበኝ ቀፎው አይደለም። የመጨረሻዋ ዘፈንህ እዚያ ውስጥ ናት። የበግ ጠጉር እየፈተለች ወደ ሞላሌ ገበያ ስለምትሄደው ሴት የዘፈንካት። እኔ እንደሆንኩ ነግረኸኝ አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁህም። ታመህ ሳለ ነው የቀዳኸው። ትንፋሽ አጥሮህ አንዱ ስንኝ ላይ ድምፅህ ተሰነጠቀ። ይቅር፣ ሲሻልህ እንደግመዋለን ብልህ «ዝም ብለሽ ቅጂ» አልከኝ። አልተሻለህም። ያ ስንጥቅ የቀረኝ ነገር ነው። ጌታቸው እጅ ከገባ በአንድ ቁልፍ ይለስነዋል። ከዚያ ንቧን ይጨምርበታል። ከዚያ በስምህ ይለቀዋል፤ ሰው ሁሉ አንተ እንደዚያ ነበርክ ብሎ ይቀራል።

እሱ ወደ ሆቴሉ ሲሄድ አንድ ነገር አደረግሁ። እማሆይ አጠገብ ተንበርክኬ ጆሮ ማዳመጫውን ከቆባቸው ላይ ደረብኩላቸው። ምንነቱን ሳይጠይቁ ተቀመጡ። ዘፈኗን ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያልቅ አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ታሞ ነበር ሲዘፍን?»

«አዎ፣ እማሆይ።»

«አንቺ ነሽ ያዘፈንሽው?»

ደጄ፣ በሕይወቴ እንዲህ የቀዘቀዘ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። «እሱን ማን ያዝዘዋል፣ እማሆይ?» አልኳቸው።

ጆሮ ማዳመጫውን መለሱልኝ። «እሱስ እውነትሽን ነው፤ ማንም አያዝዘውም ነበር» አሉ። ይውሰድ ያሉትን አላነሡትም፣ አልሻሩትም። «ነገ ይምጣ» ብለው ለጸሎት ተነሡ። ምን እንዳሰቡ አላውቅም። እዚህ ላይ ላቁም፤ ዓይኔ ደከመ።

ትናንት እዚያ ላይ ትቼው ነበር። የዛሬውን ጠዋት እንደሆነው እጽፍልሃለሁ።

ስነሣ እማሆይ ቀድመውኛል። ኮምፒውተሩን ከጠረጴዛው አውርደው፣ በሩ አፍ ላይ ፀሐይ የምታርፍበት ቦታ ጎትተው አምጥተው በጎኑ አስተኝተውታል። ነጠላቸውን አጣጥፈው ላዩ ላይ አንጥፈው ተቀምጠውበታል። ዳዊታቸው ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል። ቀፎው ይጎብጣል ብዬ ሰጋሁ። ግን ጾሙ ያከሳቸው ሰው ናቸው፤ ቻላቸው።

ጌታቸው ባጃጅ አስቁሞ መጣ። «እማዬ፣ ተነሺልኝ፤ መኪናው እየሄደብኝ ነው» አላቸው። እማሆይ ያነባሉ። «እማዬ!» አለ። ያነባሉ። ጸሎት ላይ ያለች መነኩሴ እንደማትቋረጥ እዚህ አገር ያልተነገረው ልጅ የለም፤ እሱም ቢሆን አይነካቸውም። የቀን ድርሻቸውን ጨርሰው ይነሣሉ ብሎ ግንቡን ተደግፎ ቆመ። እኔ ግን ሳልፍ ገጹን አይቻለሁ። ከመጀመሪያው ነው የጀመሩት። ሙሉውን ዳዊት ሊደግሙ ነው።

ባለባጃጁ ጥሩንባ ነፋ። ጌታቸው ሰዓቱን አየ፣ ስልኩን አየ፣ እኔን አየ። «እትዬ፣ አንቺ ንገሪያት እንጂ!»

«ጸሎት ላይ ናቸው» አልኩት።

«ምን ያህል ይቀራታል?»

«እኔ መነኩሴ ነኝ እንዴ?»

እማሆይ ገጽ ገለጡ። ሲገልጡ ቀና ሳይሉ፣ ድምፃቸውንም ሳያቋርጡ፣ በጣታቸው በመጀመሪያ ያንን የሚያበራውን አሳዩት፣ ቀጥለው ባጃጁን አሳዩት። ከዚያ ጣታቸው ወደ መስመሩ ተመለሰ። ወንድምህ ያኔ ገባው። ቀልቶ፣ አፉ ውስጥ የሆነ ነገር ሲያጉረመርም «እዚሁ ደንቁራችሁ ቅሩ» ያለ መሰለኝ። እንቀራለን።

አዲሱን ኮምፒውተር እኔ ነኝ ካርቶን ውስጥ የመለስኩለት። በገመድ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩት፤ መንገድ ላይ ተሰብሮ እንዲመለስ አልፈልግም። ባጃጁ ላይ ጫንኩለት። ሰላም ግባ አልኩት።

እማሆይ ጨርሰው ሲነሡ ፀሐይዋ ከበሩ አልፋ ግቢውን ይዛ ነበር። ጉልበታቸውን ይዘው «ይሄ ሣጥን ይቀዘቅዛል» አሉ። ቆሎና ሻይ አቀረብኩላቸው።

አስታውስሃለሁ፣ ደጄ። ግን እድርተኛው እንደሚያስታውስህ አይደለም። እነሱ ደግ ነበር፣ ትሑት ነበር፣ ታጋሽ ነበር ይላሉ፤ ስሰማቸው ሌላ ሰው የቀበሩ ይመስለኛል። እኔ የማስታውሰው ምክር የማይሰማውን፣ የሚጮኸውን፣ እየሞተ «ቅጂ» የሚለውን ነው። እሱን አንዲት ጭረት ሳላቃና እይዘዋለሁ።

ከዚያ ያደረግሁት ይህን ነው። ኮምፒውተሩን አንሥቼ ጠረጴዛው ላይ መለስኩት። ገመዶቹን ሰካሁ። ስጫነው ተነሣ። የመጨረሻዋን ዘፈን በሁለት ፍላሽ ገለበጥኩ። አንዱን ለእማሆይ ሰጠኋቸው፤ የነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ሌላውን ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። ከዚያ ነጠላዬን ተከናንቤ ዘፈኗን ከፈትኩ። ድምፅህን አልነካሁትም። ክራርህ ግን ከድምፅህ በላይ ይጮሃል። ለብቻው የቀዳነውን የክራሩን መስመር ያዝኩና ትንሽ ዝቅ አደረግሁት። ሰማሁት። አሁንም ይጮሃል። እንደገና ትንሽ ዝቅ አደረግሁት።